የአንጎል ኬሚስትሪ መማር ፈልጌ ነው፣ የደላንታ ልጅ ነኝ፣ ምክር ስጡኝ (ረጅም ነው)

ከወገልጤና
ሰላም እንዴት ናችሁ የወሎ ልጆች፣ ፖስቱ ረጅም ነው ታግሳችሁ አንብቡልኝ። የተማርኩት ፋርማሲ ነው አሁን ደሴ ነው ምሰራው። ማስተርስ ልማር ነው ስል ሰው ሁሉ ክሊኒካል ፋርማሲ ግባ ወይ ደግሞ የራስህን መድኃኒት ቤት ክፈት ነው ሚለኝ፣ እኔ ግን ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንጎል ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ሰውን እንዴት እንደሚያስኬዱት፣ እንዴት እንደሚያስደስቱት፣ እንዴት እንደሚሰብሩት ማጥናት ነው ምፈልገው፣ እስከ ፒኤችዲ ድረስ።

ምክንያቱ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። የኛን አገር የምታውቁ ያንን የጓያ ጊዜ ታስታውሱታላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 ደላንታና ዳውንት ላይ ብዙ ሰው ጓያ በልቶ እግሩ ሽባ የሆነበትን። አጎቴ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሊነሳ ሲል ባቱ እንደ እንጨት ተገትሮ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው፣ አልተሻለውም። አሁን በሁለት ዱላ ነው ሚሄደው፣ ጉልበቶቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉበት በጣቶቹ ጫፍ። ጭንቅላቱ ግን ምንም አልነካውም፣ እጁም ደህና ነው፣ የሰፈሩን የእድር ሒሳብ እስካሁን ሚይዘው እሱ ነው አንድ ብር አይሳሳትም። ልጅ ሆኜ አጠገቡ ስቀመጥ ሁሌ ሚጠይቀኝ ነገር አለ፣ "እናትህና እኔ ከአንድ ሞሰብ ነው የበላነው፣ እሷን ትቶ እኔን ለምን ያዘኝ?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ፣ ዝም ነው።

ሰሞኑን ደግሞ የአርቪድ ካርልሰንን ታሪክ ሳነብ ሰነበትኩ፣ ስዊድናዊው፣ ዶፓሚን (ነርቭ ለነርቭ መልእክት ሚያደርስበት ኬሚካል) አንጎል ውስጥ የራሱ ስራ እንዳለው ያሳየው ሰውዬ። እ.ኤ.አ. በ1923 የተወለደ ነው፣ ሐኪም ሆኖ መጀመሪያ ያጠናው የነበረው ስለ ካልሲየም ነበር፣ ከዛ ለአንድ ቦታ ሲወዳደር ካልሲየም የፋርማኮሎጂ ዋና ጉዳይ አይደለም ብለው አለፉት። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ክሊኒክ ይገባ ነበር፣ እሱ ግን አሜሪካ በርናርድ ብሮዲ ሚባል ተመራማሪ ላብራቶሪ ሄዶ ለጥቂት ወራት ያኔ አዲስ የነበረውን የአንጎል ኬሚካል መለኪያ ዘዴ ተማረና ወደ ሉንድ ተመለሰ። እዛ ሬዘርፒን ሚባል መድኃኒት (ከአንድ የህንድ ተክል ሥር ነው ሚወጣው) ለጥንቸሎች ሲሰጣቸው ጆሯቸው ወድቆ ዓይናቸው ተከድኖ በቃ መንቀሳቀስ ያቆማሉ። ከዛ ኤል-ዶፓ (ሰውነት ዶፓሚን ሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) ሲወጋቸው ከደቂቃዎች በኋላ ተነስተው መሮጥ! ይሄ 1957 ነው። አንጎላቸውን ሲለካው ሁሉም ይመለሳል ብሎ ሚጠብቀው ኖርአድሬናሊን (ሌላው የነርቭ መልእክተኛ) አልተመለሰም፣ የተመለሰው ዶፓሚን ነው። እስከዛ ድረስ ዶፓሚንን ሰው ሚያውቀው ወደ ኖርአድሬናሊን መሸጋገሪያ አድርጎ ብቻ ነበር፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በ1960 ለንደን ላይ አንጋፋዎቹ ሊቃውንት ተሰብስበው ሳለ ይሄን ሲያስረዳ አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። ኖቤል የሰጡት በ2000 ነው፣ ከጥንቸሎቹ 43 ዓመት በኋላ፣ እሱም 77 ዓመቱ ላይ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። ከኛ አገር ሆኖ በዚህ መስመር መሄድ ይቻላል ወይ? ከየት ልጀምር? ደግሞስ ጓያ ላይ የሰራ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሰኞ_ገበያ
አብሽር ወንድሜ። አጎትህን አላህ ያጽናው። ስለ ትምህርቱ ማውቀው የለም ግን ፖስትህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ጥንቸሏ ስትነሳ እኔም ተነሳሁ።

የድሮ_ፋርማሲስት
ልጄ፣ እኔም ሙያዬ ያው ነው፣ 30 ዓመት መድኃኒት ስሰጥ ኖሬያለሁ። ካርልሰንን ካነሳህ ከእሱ ቀጥሎ የመጡትን ሁለቱንም አንሳቸው፣ ምክንያቱም ጥንቸሏ ላይ የታየው ነገር ሰው ዘንድ የደረሰው በነሱ ነው። ኦሌ ሆርኒኪየቪች ቪየና ላይ በፓርኪንሰን (ሰውነትን እያንቀጠቀጠ እንቅስቃሴን የሚያስር የአንጎል በሽታ) የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ውስጥ ዶፓሚኑ ከሞላ ጎደል አልቆ አገኘው፣ 1960 ላይ። በዓመቱ ከቢርክማየር ጋር ሆነው ኤል-ዶፓን በመርፌ ሲሰጡ ከአልጋ የማይነሱ ሰዎች ለትንሽ ሰዓትም ቢሆን ተነስተው ሄዱ። ከዛ በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በሚዋጥ መልክ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ እየጨመረ ሰጥቶ ዘላቂ ሕክምና አደረገው።

አሁን እኛ ባንኮኒያችን ላይ የምንሰጠው ኪኒን ያ ነው፣ ሌቮዶፓ (ያው ኤል-ዶፓ ነው) ከካርቢዶፓ ጋር። ካርቢዶፓው ለምን እንደተጨመረ ብዙ የጤና ባለሙያ ራሱ አያስረዳም። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይገባም፣ በመካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም፣ ኤል-ዶፓ ግን ያልፋል፣ ችግሩ ግን ገና መንገድ ላይ ሆዱ ውስጥና ደሙ ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይቀየርና ያቅለሸልሸዋል፣ አንጎል የሚደርሰውም ትንሽ ይሆናል። ካርቢዶፓው ያንን የመንገድ ላይ መቀየር ያቆማል፣ እሱ ራሱ አጥሩን ስለማያልፍ አንጎል ውስጥ ያለውን አይነካም። እንዲህ አድርጎ ያሰበውን ሰው ባገኘሁት ጉልበቱን እስመው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር ለቤተሰብ ይጠቅማል። ይሄን ኪኒን ከሥጋ ወይ ከወፍራም ሽሮ ጋር አብሮ መዋጥ ጉልበቱን ይቀንሰዋል፣ ፕሮቲኑ በዛው በር ስለሚሻማው። አባቱን ይዞ የመጣ ሰው "መድኃኒቱ ማታ ይሠራል ቀን አይሠራም" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምሳ ምን ይበላሉ ብዬ ነው። አንድ ሰውዬ በዚሁ ብቻ ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር አስተካክለው እንደገና ጁምዓ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል።

ኩታበር_ደጋ
ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ ባቄላ ውስጥ ይሄ መድኃኒት አለ ሲባል ሰምቼ ነበር እውነት ነው እንዴ? እኛ እኮ ባቄላ ነው ያሳደገን እሸቱን ነው ንፍሮውን ነው ሽሮውን ነው

የድሮ_ፋርማሲስት
@ኩታበር_ደጋ እውነት ነው። ኤል-ዶፓ ከተፈጥሮ መጀመሪያ የተገኘው ከባቄላ ነው፣ በ1913፣ ማርኩስ ጉገንሃይም የሚባል የስዊዘርላንድ ኬሚስት አወጣው። ይሠራ እንደሆን ለማወቅ 2.5 ግራም ራሱ ዋጠው፣ አስታወከው፣ ከዛ ጥቅም የለውም ተብሎ ከ40 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ያለው እሸቱና ለጋው ላይ ነው። ግን አደራ፣ ማንም ሰው ኪኒኑን ትቶ በባቄላ ልታከም እንዳይል፣ መጠኑ ከማሳ ማሳ ይለያያል፣ ከኪኒኑ ጋር ሲደራረብም ከልክ ያልፋል።

ከወገልጤና
ወይ ጉድ ጋሼ፣ ባቄላውን አላውቅም ነበር! እኛ ቤት ባቄላና ጓያ ጎን ለጎን በሁለት አክማዳ ነበር ሚቀመጡት። አንዱ ውስጥ የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ አንዱ ውስጥ አጎቴን የሰበረው ነገር። ሁለቱም አሚኖ አሲድ ናቸው ሁለቱም አንጎል ያለውን መልእክተኛ ነው ሚነኩት። ዛሬ እንቅልፍ ሚወስደኝ አይመስለኝም።

መርሳ_ሰፈር
ወንድሜ እንደ ታላቅ እህት ልናገርህ አትቀየመኝ። ልብህ ጥሩ ነው። ግን ፒኤችዲ ማለት አራት አምስት ዓመት ነው ከማስተርሱ ሌላ፣ እናትህ አንተን ያስተማረችው ተቸግራ ነው፣ የአይጥ አንጎል ስትለካ ብትኖር ለአጎትህ እግር ምን ይጨምርለታል? የሞተ ነርቭ አይነሳም። እኔ የማውቀው ልጅ በአንድ የትምህርት ተቋም ላብ ውስጥ ኬሚካል እስኪመጣ ብሎ ዓመት ከመንፈቅ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ ጓደኞቹ ቤት ሠሩ። በመድኃኒት ቤት ሠርተህ ለአጎትህ ዊልቸር ብትገዛለት አይሻልም ወይ? በንጹህ ልብ ነው የምጠይቅህ።

ላብ_ውስጥ_ነኝ
ደሴ ሆጤ ነው ያደግኩት፣ አሁን ውጭ አገር ፒኤችዲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ በዚሁ ሙያ። የ@መርሳ_ሰፈር ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ማንም ሊያልፈው አይገባም፣ እኔም ራሴን ስጠይቀው ነው የኖርኩት ስለዚህ ስራው ምን እንደሚመስል በግልጽ ልንገርህ ከዛ አንተ ወስን።

አብዛኛው ቀን መጠበቅና መድገም ነው። ጠዋት አይጦቹን ታያለህ፣ ትመዝናለህ፣ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ታስቀምጣቸውና ስንት ሰከንድ ሳይወድቁ እንደሚቆዩ ትመዘግባለህ፣ እሱ ነው የእግር ቅንጅታቸው መለኪያው። ቀጭን ቱቦ አንጎላቸው ውስጥ አስገብተህ እየነቁና እየተንቀሳቀሱ እያሉ ዶፓሚኑ ሲጨምርና ሲቀንስ በየደቂቃው ናሙና ትወስዳለህ። ቅዳሜ የለም፣ አረፋም ሆነ ፋሲካ አይጥ መመገብ አለበት። ስድስት ወር የሰራሁበት ነገር ቱቦው የገባበት ቦታ ግማሽ ሚሊሜትር ስቶ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተጥሏል። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ከዛ እንደገና ጀመርኩ።

ግን አንዳንድ ቀን አለ። ቮልፍራም ሹልትስ የሚባለው የአንጎል ተመራማሪ ዝንጀሮዎች ላይ ያገኘውን ነገር በራስህ መሣሪያ ስታየው ለምሳሌ። እንዲህ ነው፣ ዝንጀሮው ሳያስበው ጭማቂ ሲሰጠው የዶፓሚን ነርቮቹ ይተኩሳሉ (ምልክት ይልካሉ ማለት ነው)። መብራት በርቶ ከዛ ጭማቂ እንደሚመጣ ሲለምድ ግን ነርቮቹ ሚተኩሱት መብራቱ ሲበራ ነው፣ ጭማቂው ሲመጣ ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ከመደበኛው በታች ይወርዳሉ። ስለዚህ ዶፓሚን ደስታው ራሱ አይደለም፣ የጠበቅከውና ያገኘኸው መካከል ያለውን ልዩነት ነው ሚናገረው። እናቴ ቡና ስትቆላ ጭሱ ጓዳ ድረስ ሲመጣ ሰውነቴ ሚነቃው ለዚህ ይሆን እላለሁ፣ አቦሉ ገና ሳይቀዳ። ቡናው ተቆልቶ እንግዳ መጥቶ ሳይፈላ ሲቀር ያለውን ስሜት ደግሞ ማንኛችሁም ታውቁታላችሁ።

ለመግቢያው ምክሬ፣ "ኒውሮሳይንስ" (የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ) ሚል ስም ያለው ዲፓርትመንት አትፈልግ። ፋርማኮሎጂ ወይ ፊዚዮሎጂ ወይ ባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ግባ፣ እንስሳ ላይ ሚሰራ አማካሪ ፈልግ፣ ስታትስቲክስ ከአሁኑ ጀምር። ኢብሮ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአንጎል ምርምር ድርጅት አፍሪካ ውስጥ አጫጭር ትምህርት ቤቶች ያዘጋጃል፣ ለወጣት ነው፣ አመልክት፣ እምቢ ቢሉህ በዓመቱ እንደገና አመልክት።

ከሚሴ_መንገድ
አሰላሙ አለይኩም። ስለ ዶፓሚን ከተነሳ ጫቱስ? እኔ ሁለት ዓመት ሆነኝ ካቆምኩ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ሲጀመር ምርቃናው ምን እንደሆነ ማንም በሳይንስ አላስረዳኝም፣ ሳቆም ደግሞ ዱካኩ ገደለኝ፣ ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ ሲያንቀኝ ነበር ሚያድረው፣ ቤተሰብ ጅን ነው ብሎ ነበር

ላብ_ውስጥ_ነኝ
@ከሚሴ_መንገድ ወአለይኩም ሰላም፣ ማሻአላህ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ለጋው ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል፣ በ1975 ነው ከቅጠሉ የተለየው። ቅርጹ አምፌታሚን ሚባለውን አነቃቂ ዕፅ ይመስላል ሥራውም እንደሱ ነው፣ የዶፓሚን ነርቮች ያጠራቀሙትን ወደ ውጭ እንዲለቁ ያደርጋል። ምርቃናው ላይ ያ ሁሉ ወሬና ያ ሁሉ እቅድ ሚመጣው ከዚህ ነው። ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ ውሃ እየረጨ ሚሮጥበትም ምክንያት ኬሚስትሪ ነው፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል ደካማ ነገር ይቀየራል። ዱካኩ ደግሞ ማቆም ያመጣው ነው፣ ለወራት እንቅልፍህን ሲገፋ የነበረ ነገር በአንዴ ሲነሳ አንጎል ሕልሙን ይመልሳል፣ ከነጭንቀቱ። ያንተ ድክመት አልነበረም፣ ጅንም አልነበረም። ቤተሰብህንም እንዲህ ብለህ አስረዳቸው።

ከሚሴ_መንገድ
ጀዛከላህ ኸይር። ይሄን ለወንድሜ አነብለታለሁ እሱ ገና አላቆመም።

ጡረተኛ_ጤና_መኮንን
ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ዓይኔም ደከም ብሏል፣ ልጄ ናት ምትጽፍልኝ። @ከወገልጤና የምትለውን ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወረዳው ላይ ነበርኩ። ዝናቡ ጠፋ፣ ስንዴው ጤፉ ከሰለ፣ ጓያው ግን ሥሩ ጠልቆ መረሬው ውስጥ የቀረችውን እርጥበት ስለሚያገኝ እሱ ብቻ ቆመ። ሰው ያገኘውን በላ። ከዛ ወጣት ወጣቱ፣ በተለይ ወንዱ፣ እየተደገፈ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት ጀመረ። እኛም የምንሰጠው አልነበረንም።

ጓያ ላይ ማን ሰራ ላልከው፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቀደም ብለው ደንቢያና ፎገራ ላይ አጥንተውታል። የደላንታውን ወረርሽኝ ደግሞ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳና ከቤልጂጉ ሳይንቲስት ከላምባይን ጋር ሆነው ነው ለዓለም ያሳወቁት፣ ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ1999። ስለዚህ መንገዱን ከባዶ አትጀምረውም፣ የኛው ሰዎች ሄደውበታል።

መርዙ ኦዳፕ ይባላል። አንጎል ውስጥ አንዱ ነርቭ ሌላውን "ተነስ" የሚልበት ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ነው፣ ኦዳፕ የሱን መልክ ይዞ በሱ በር ይገባና ነርቩን ያለ ዕረፍት ያስነሳዋል፣ እስኪሞት። የሚመታው ደግሞ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ወገብ ድረስ ወርዶ እግርን የሚያዘውን ረጅሙን ነርቭ ነው፣ የአጎትህ ጭንቅላትና እጅ የተረፈው ለዚህ ነው። ያኔ ገበሬው የሚለው ሌላ ነበር፣ የጓያው እንፋሎት ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው ይል ነበር፣ እንፋሎቱን ፈርቶ ፊቱን ይሸፍንና ንፍሮውን ግን ይበላዋል።

አሁን የአጎትህ ጥያቄ። እነ ኃይለየሱስ በ2003 እንደገና ያወጡት ጽሑፍ ላይ አበላሉን ለይተው ጠይቀዋል። እሸቱን ጥሬውን የበላ፣ ቆሎውን የበላ፣ ንፍሮውን የበላ አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ። ከእህል ጋር ቀላቅሎ የበላ፣ ሽንኩርቱን ዝንጅብሉን የመሰለ ቅመም በገባበት ወጥ የበላ ግን የተሻለ ነበር። @መርሳ_ሰፈር እህቴ፣ ለአጎቱ እግር ምን ይጨምራል ላልሽው፣ ለሱ እግር ምንም። ግን የእርዳታ ስንዴ ጓያ ብቻ ለቀረበት ቤት ቀድሞ ይድረስ፣ ቀላቅሉት፣ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት ማለት የሚቻለው ይሄ ስለታወቀ ነው። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል "ዋሴ" የሚባል ኦዳፑ ዝቅ ያለ የጓያ ዘር ያወጣውም ስለታወቀ ነው። ያም ቢሆን ድርቅ ሲመጣ ተክሉ መርዙን ይጨምራል፣ ሥራው አላለቀም።

ልጄ፣ አጎትህን ያኔ ምን እንደበላ ሳይሆን እንዴትና የት እንደበላ ጠይቀው።

መርሳ_ሰፈር
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ወንድሜ፣ ዊልቸሩን ግን አሁንም እላለሁ፣ ሁለቱም ይሁን። እኔም አዋጣለሁ።

ከወገልጤና
ትናንት ማታ ደወልኩለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አርባ ደቂቃ አወራን፣ በሕይወቴ ከሱ ጋር እንዲህ አውርቼ አላውቅም።

ጋሼ እንዳሉኝ ጠየቅኩት። "ያኔ ማሳ ጠባቂ ነበርኩ" አለኝ። "ከዝንጀሮና ከሌባ ለመጠበቅ ሌሊትም ዳሱ ውስጥ ነበር የማድረው። እሸቱን እየነቀልኩ ነበር የምበላው፣ ሲደርቅ ደግሞ እናቴ ቆሎ አድርጋ በከረጢት ትልክልኝ ነበር፣ ወር ሁለት ወር በሱ ነው የቆየሁት።" እናቴስ አልኩት። "እሷማ ቤት ነበረች፣ ከመጣው የእርዳታ ስንዴ ጋር ቀላቅለው ጋግረው ከወጡ ጋር ነው የሚበሉት" አለኝ። ከዛ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ፣ እሱ አለ። "ሞሰቡ አንድ አልነበረም ለካ" አለኝ።

አንድ ሰው ላይ ይሄ ብቻ ምክንያት ነው ብዬ መናገር እንደማልችል አውቃለሁ፣ ለሱም ነገርኩት። እሱ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። "ታዲያ አብሮኝ የጠበቀው ልጅስ?" አለኝ፣ "አንድ ዳስ አድረን፣ አንድ ከረጢት ቆሎ ተካፍለን፣ እሱ እኮ ዛሬም በእግሩ ገበያ ይወጣል።"

ምንም ልመልስለት አልቻልኩም።

ላብ_ውስጥ_ነኝ
ማመልከቻህን ስትጽፍ ይቺን የአጎትህን ጥያቄ ቃሏን ሳትቀይር ከላይ አስቀምጣት። ረቂቁን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ እሁድ እሁድ ጊዜ አለኝ አነብልሃለሁ።

የድሮ_ፋርማሲስት
የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ካስፈለገህ ፒያሳ ናልኝ። ከዐስር ሰዓት በኋላ ሁሌ አለሁ።

ጡረተኛ_ጤና_መኮንን
ያ አብሮት የጠበቀው ልጅ አሁን የት ነው ያለው? ወገልጤና ከሆነ ስልኩን ፈልግልኝ፣ እኔም ልጠይቀው የምፈልገው ነገር አለ።